የከመረውስ?

አንድ ጥያቄ አለ፣ ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ አልለቅ ያለኝ። የጠየቁኝ ሰው የጨው ሠራተኛ ናቸው። የቆምነው ሰሜን ምዕራብ አርጀንቲና ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,450 ሜትር ከፍታ ላይ በተዘረጋ ነጭ ሜዳ ላይ ነበር። ጥያቄው አንድ ቃል ነው። ወጥ ላይ ጨው ጣል ባደረግኩ ቁጥር ይመጣብኛል።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ላስቀድም። ሜሪላንድ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ነርስ ጓደኛ አለችኝ። ሳልታ የምትባል የአርጀንቲና ከተማ ልጅ ናት። ለዓመታት የሌሊት ፈረቃ አብረን ሠርተናል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራው ጋብ ሲል እሷ ስለ ተራሮቿ ታወራለች፣ እኔ ስለ እኔዎቹ። "የእኛ አገር ተራራ ሰባት ቀለም አለው" ስትለኝ የናፍቆት ወሬ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት እናቷን ልትጠይቅ ስትነሳ "ነይ፣ በዓይንሽ እዪው" አለችኝ። ፈቃድ ወስጄ ተከተልኳት።

ሰባት ቀለም

ከሳልታ በጠዋት ወጣን። መኪናው የወንድሟ ነው፤ የፊት መስታወቱ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ አሮጌ ፒክአፕ። በ9 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ነዳን። የሁሁይ ክልልን ዋና ከተማ ካለፍን በኋላ አገሩ ተለወጠ። ዛፉ ሳሳ፣ ተራራው ከግራና ከቀኝ ቀረበ፣ ቁልቋል በዛ። ቁልቋል ስል የእኛን የአጥር ቁልቋል አታስቡ። ካርዶን ይሉታል። ከሰው ቁመት ሁለትና ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ከሩቅ ሲያዩት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ የቆመ ሰው ይመስላል።

ሸለቆው ኬብራዳ ዴ ኡማዋካ ይባላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የመዘገበው ለውበቱ ብቻ አይደለም። ሰው ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ ደጋ ለ10,000 ዓመታት ሲመላለስበት የኖረ መንገድ ነው። ኢንካዎች ሄደውበታል። ስፔኖች ሄደውበታል። ከእነሱ በፊትም በኋላም ግን ነጋዴው ሄዶበታል። ላማ በሚባለው ግመል መሰል እንስሳ የሚጭን፣ ኋላ ደግሞ በአህያ የሚጭን ነጋዴ። ከጭነቱ አንዱ ጨው ነበር። ጓደኛዬ ይህን ስትነግረኝ ግማሽ ጆሮዬን ነበር የሰጠኋት። ዓይኔ ተራራው ላይ ነበር።

ፑርማማርካ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና ከፍ አላለችም። መንደሯ ትንሽ ናት። ቤቶቹ ጭድ በገባበት የጭቃ ጡብ የተሠሩ ናቸው። ግድግዳውን በእጄ ስነካው አያቴ ቤት የነካሁ መሰለኝ፤ ያው ሻካራነት፣ ያው የደረቀ አፈር ሽታ። አደባባዩ ዳር በር ላይ 1648 የሚል ዓመተ ምሕረት የተጻፈባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ጣሪያዋ የተሠራው ከዚያ ከረጅሙ ቁልቋል እንጨት ነው። እንጨቱ በቀዳዳ የተሞላ ነው፤ በዓይን ሲያዩት ዳንቴል ይመስላል። ሴቶቹ አደባባዩን ከበው ሹራብና ጋቢ የሚመስል የሱፍ ጨርቅ ይሸጣሉ። ዋጋ ሲጠሩና ሲከራከሩ ቋንቋውን ባልሰማም ድምፁን አውቀው ነበር።

ከመንደሯ ጀርባ ተራራው አለ። ሰባት ቀለም ያለው ተራራ ነው የሚሉት፤ እኔ ስቆጥር ከሰባት በለጠብኝ። ቀዩ ብረት ያለበት ድንጋይ ነው። አረንጓዴው መዳብ። ነጩ ኖራ። እያንዳንዱ ንብርብር በሌላ ዘመን የተኛ ደለል ነው፤ አንዳንዱ የባሕር ወለል የነበረ። ኋላ መሬቱ ሲገፋና ሲታጠፍ ሁሉም ጎን ለጎን ወጣ። እናቴ የሐረር መሶብ አላት፤ ቀይ፣ ወይን ጠጅና አረንጓዴው በዙሪያው እየተጠማዘዘ የሚወጣ። ተራራው እንደሱ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሰፋው ይመስላል።

እዚያ ብንውል ደስ ባለኝ። ጓደኛዬ ግን ቸኮለች። ከሰዓት በኋላ ጨው ሜዳው ላይ ነፋሱ ይበረታል አለች።

ዳገቱ

ከፑርማማርካ ወደ ጨው ሜዳው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በካርታ ሲያዩት ምንም አይደለም። መንገዱ ግን ኩዌስታ ዴ ሊፓን በሚባለው ዳገት ይወጣል። እየተጠመዘዘ፣ እንደ እባብ እየተጣጠፈ፣ 4,170 ሜትር ድረስ። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ለመድረስ 400 ሜትር እንኳ አይቀረውም ማለት ነው፤ ያውም አስፋልት ላይ፣ በመኪና።

እኔ ከፍታ አይነካኝም ብዬ ነበር። አዲስ አበባ ነው የተወለድኩት። እንጦጦን በእግሬ ወጥቻለሁ። ፑርማማርካም ቢሆን ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙ አትርቅም። ግን ሜሪላንድ ውስጥ ባሕር ጠርዝ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። ሰውነት የኖረበትን ነው የሚያውቀው። ከ3,500 ሜትር በላይ ስንወጣ ጭንቅላቴን ከኋላ የሆነ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ። ከንፈሬ ደነዘዘ። ማውራት ጀምሬ መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረኝ።

የጓደኛዬ እናት ጠዋት በፌስታል የኮካ ቅጠል ሰጥታን ነበር። እዚያ አገር ቅጠሉን ማኘክ ክልክል አይደለም። ሹፌሩም፣ አናጺውም፣ አሮጊቷም ጉንጫቸው ሥር ወትፈው ይውላሉ። ጓደኛዬ ጥቂት ቅጠል ሰጠችኝና "አታኝኪው፣ ጉንጭሽ ውስጥ አስቀምጪው፣ ምራቅሽን ዋጪ" አለችኝ። መራራ ነው፤ ሻይ ቅጠል የሚመስል መራራነት አለው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጭንቅላቴን የያዘኝ ነገር ላላ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ቀስ ብለን ነዳን።

ዳገቱ አናት ላይ ቆምን። የድንጋይ ክምር አለ። አላፊ አግዳሚው አንድ አንድ ድንጋይ እየጣለ የከመረው ነው። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ለዚያ አገር ሰው የፓቻማማ፣ የእናት ምድር ወር። በዚህ ወር ሰዉ መሬት ቆፍሮ ምግብና መጠጥ ያበላታል፤ ዓመቱን ሙሉ ያበላችንን እኛም እናብላት ነው ነገሩ። ጓደኛዬ ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳችና ከመጠጣቷ በፊት ክምሩ ሥር ትንሽ አፈሰሰች። አንድም ቃል አልተናገረችም። አያቴ ቡና ሲፈላ የመጀመሪያውን መሬት ላይ ጠብ ታደርግ ነበር። "ለምንድነው?" ስላት "ዝም በይ፣ ይጠጡ" ትለኝ ነበር። ማን እንደሚጠጣ ነግራኝ አታውቅም። እኔም ሻዬን ከመቅመሴ በፊት ጠብ አደረግኩ።

የጨው ዳቦ

ሳሊናስ ግራንዴስ ከላይ ሲታይ ሐይቅ ይመስላል። ሲቀርቡት በረዶ። ሲረግጡት ነው ጨው የሚሆነው። ጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። ቅርፊቱ በጠርዝ በጠርዝ ተከፋፍሎ እንደ ንብ እንጀራ ሆኗል። ከተራሮቹ የሚወርደው ውሃ ወደ ባሕር መውጫ የለውም። እዚያው ይቆማል፣ ፀሐይ ትወስደዋለች፣ ጨዉ ይቀራል። ለብዙ ሺህ ዓመታት እንዲህ ሲሆን ኖሯል።

ሜዳው ላይ ብቻችሁን አትገቡም። የአካባቢው ማኅበረሰብ አስጎብኚ አብሮ ይሄዳል። ለእኛ የደረሱን ስልሳውን ያለፉ ሰው ነበሩ። ፊታቸውን እስከ ዓይናቸው በጨርቅ ሸፍነው ጥቁር መነጽር አድርገዋል። እዚያ ፀሐይዋ ከላይም ትመጣለች፣ ከታችም ነጩ መልሶ ይወረውራታል። አስጎብኚ የሆኑት በቅርቡ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጨው ቆርጠዋል።

ገንዳዎቹን አሳዩን። ቅርፊቱን እንደ መቃብር አራት ማዕዘን አድርገው ይቆፍሩታል። ከሥር ውሃ ይወጣና ይሞላዋል። ውሃው ሰማያዊ አይሉት አረንጓዴ። ለወራት ሲቆይ ከታች ንጹሕ ጨው ይይዛል፤ እሱን በአካፋ ዝቀው ዳር ላይ ይከምሩታል። ሽማግሌው ተንበርክከው እጃቸውን ወደ ውሃው ከተቱና አንድ እፍኝ አወጡ። እንደ ስኳር ሳይሆን እንደ ጥርስ ያለ ጨው። እጃቸውን አየሁት። የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ ውስጥ ነጭ መስመር ገብቷል። ታጥቦ የሚለቅ ዓይነት ነጭ አይደለም።

"ድሮ እንዲህ አልነበረም የምናወጣው" አሉ፣ ጓደኛዬ እየተረጎመች። "በመጥረቢያ እየቆረጥን ነበር። ፓን ዴ ሳል እንለዋለን።"

ፓን ዴ ሳል፣ የጨው ዳቦ። አባታቸው ያንን የጨው ዳቦ በአህያ ጭነው ለቀናት ወደ ታች ሸለቆዎቹ ይወርዱ ነበር። በቆሎና ፍራፍሬ ለውጠው ይመለሱ ነበር። ሽማግሌው የጨዉን መጠን በሁለት እጃቸው አሳዩኝ።

እኔም ሳላስበው ሁለት እጄን ዘረጋሁ። "አሞሌ!" አልኩ። ለጓደኛዬ በእንግሊዝኛ እያጣደፍኩ አስረዳኋት፤ እኛም አለን፣ በመጥረቢያ ይቆረጣል፣ በግመል ይወጣል፣ ድሮ ገንዘባችን ነበር። የእኛ ጨው ሜዳ ግን ተራራ ላይ አይደለም፤ አፋር ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ወርዶ፣ ምድር የሚፈላበት ቦታ ነው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ከባሕር በታች መሬት አለ ወይ ብለው ሁለቴ ጠየቁ። አለ አልኩ። ሙቀቱስ? ሲነጋ ጀምሮ አይቻልም አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ጠዋት ወደ ገንዳው ሲመጡ ውሃው ዳር ዳሩን በረዶ ይዞ ያገኙታል።

ስንመለስ መንገዱ ዳር በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ አየሁ። "ሊቲየም አንፈልግም፤ ውሃና ሕይወት እንፈልጋለን" ይላል። ስለ ሰሌዳው ጠየቅኳቸው። መልሳቸው ረጅም ነበር።

ከዚህ ሜዳ ሥር ያለው ጨዋማ ውሃ ሊቲየም አለበት። ሊቲየም ለስልክና ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ይፈለጋል። እዚያው ሁሁይ ውስጥ ኦላሮስ በሚባል ሌላ ጨው ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ይመረታል። ጨዋማው ውሃ በፓምፕ ይወጣል፣ ሰፋፊ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ፀሐይ ታተነዋለች። ውሃው አይመለስም። የሳሊናስ ግራንዴስ ሰዎች የሚፈሩት ይህንን ነው። ዝናብ በሌለበት አገር፣ ከሥር ጨዋማው ሲመጠጥ ለበግና ለላማ የሚሆነው ንጹሕ ውሃም አብሮ ይሸሻል ይላሉ። 33 ማኅበረሰቦች በአንድ ላይ ሆነው እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ማንም ወደ መሬታቸው ከመግባቱ በፊት እንዴት ሊያማክራቸው እንደሚገባ የራሳቸውን ሰነድ ጽፈዋል። ስሙ በኬቹዋ ቋንቋ ካቺ ዩፒ ነው፤ የጨው ዱካ። እ.ኤ.አ. በ2023 መንገድ ዘግተዋል፣ እስከ ቦነስ አይረስ ድረስ ለአቤቱታ ሄደዋል። አያቶቻቸውም እ.ኤ.አ. በ1946 መሬታችንን መልሱልን ብለው ከዚህ ከፍታ እስከ ቦነስ አይረስ በእግራቸው ተጉዘው ነበር፤ በባቡር ጭነው በግድ መለሷቸው።

ሁሉም አንድ ሐሳብ አይደለም። ኦላሮስ አካባቢ የተስማሙ ማኅበረሰቦች አሉ፤ ልጆቻቸው እዚያ ሥራ አግኝተዋል። ሽማግሌው ይህንንም አልደበቁም። "ልጅ ያለው ሰው ነው፣ አልፈርድበትም" አሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሲናገሩ ልቤ ተነካ። የሆነ ነገር ልላቸው ፈለግኩ፤ ከአገሬ፣ የእኔ የሆነ። ስለ ጨው የምናውቀውን ተረት ነገርኳቸው። "የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል።"

ጓደኛዬ በደንብ ተረጎመችው። ሽማግሌው ሰሙ። "ድገሚልኝ" አሏት። ደገመችላቸው። አጠገባችን በአካፋ የተከመረ ጨው ነበር፤ ቁመቱ እስከ ወገቤ። እሱን አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አንድ ነገር ጠየቁኝ።

ጓደኛዬ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። እኔ የሰማሁት ግን በአማርኛ ነው።

የከመረውስ?

ሞኙ ይልሳል፣ ብልሁ ያለቅሳል። የከመረው ሰውዬ ምን ያደርጋል?

ተረቱ ላይ የለም አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ የለም። ሽማግሌው አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ብቻ "እሺ" የሚል ዓይነት ድምፅ አሰሙና አካፋውን ከመንገድ ላይ አንስተው ክምሩ ላይ ሰኩት።

ተረቱ ላይ የሌለ ሰው

ይህንን ተረት ስንት ጊዜ ብያለሁ? የዘመድ ንግድ ሲከስር ብያለሁ። ትዳር ሲፈርስ ብያለሁ። በአገር ጉዳይ ስንጨቃጨቅ ሁላችንም ብለናል፤ ሞኙን ለሌላው፣ ብልሁን ለራሳችን እየሰጠን። አንድም ቀን ማንም "ቆይ፣ ጨዉ የማን ነበር?" ብሎኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ክምር ካለ የከመረ አለ። የሚልሰውም የሚያለቅሰውም ከመጡ በኋላ ናቸው። እሱ ከእነሱ በፊት እዚያ ነበር።

ጨውን የሚያነሳ ሌላም ተረት አለን። "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል።" ይኸኛው ጨዉን ራሱን ያናግራል። እዚህም ሰው የለም።

ከዚያ አሞሌን አሰብኩ። ለሽማግሌው እንዴት በኩራት ነበር የነገርኳቸው! ገንዘባችን ነበር አልኩ። ስለ አሞሌ የማውቀው ግን ምንድነው? ትምህርት ቤት የተማርኩት። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችን የመጣው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚሠራ ጽፏል። ከሚቆረጥበት ቦታ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድም ጽፏል። ይህን ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ነገሩን ግን ገልብጬ አይቼው አላውቅም። እየራቀ ሲሄድ ከተወደደ፣ በጣም ርካሽ የሆነው የቆራጩ እጅ ላይ እያለ ነው። ላቡ ገና ሳይደርቅ።

ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው እየገዛ ነው። ቪዲዮ ልኮልኝ ነበር። "ድምፅ የለውም፣ ጭስ የለውም" እያለ እንደ ሕፃን ሲደሰት። እኔም ደስ ብሎኛል። ለአዲስ አበባ አየር ጥሩ ነው፣ ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር ይቀንሳል፤ ይህን ከልቤ አምናለሁ። ሽማግሌው አጠገብ ቆሜ ያሰብኩት ግን ያንን ቪዲዮ ነው። ባትሪው ውስጥ ያለው ነገር ከእንዲህ ዓይነት ቦታ ነው የሚወጣው። እኛም ጉጂ ውስጥ፣ ቀንጢቻ ላይ፣ ሊቲየም ያለው ድንጋይ አለን። ጥያቄው ከአርጀንቲና ብቻ አይመጣም።

ወንድሜን መኪናውን መልስ አልለውም። ምን እንደምለው ራሱ ገና አልጨረስኩትም። አንድ ነገር ግን ተለውጦብኛል። ድሮ አንድ ነገር ስገዛ "ስንት ነው?" እል ነበር። አሁን "ማን ከመረው?" የሚል ሌላ ድምፅ ከኋላው ይመጣል። ሁልጊዜ መልስ አላገኝም። መጠየቁን ግን ማቆም አልቻልኩም።

ስልክ

በማግስቱ ኡማዋካ አደርን፣ በሦስተኛው ቀን ኦርኖካል ወጣን። 4,350 ሜትር ላይ ቆመው የሚያዩት ባለ አሥራ አራት ቀለም ተራራ ነው፤ ጫፍ ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰለፈ። በዓለም ላይ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ የሚያምር ነው። ፎቶ አነሳሁ። ልቤ ግን ጨው ሜዳው ላይ ቀርቶ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አባቴ ጋ ደወልኩ። እዚያ አንድ ሰዓት ነው፣ አዲስ አበባ ከቀኑ ሰባት። ክረምት ስለሆነ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በስልኩ ይሰማኛል። አባቴ በወጣትነቱ የኤንትሬ ሹፌር ነበር። ከመቀሌ አዲስ አበባ ጨው ጭኗል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የልጅነታችን ወሬ ነው፤ አምባላጌ፣ ወልድያ፣ ደሴ፣ የተበላሸ ፍሬን፣ መንገድ ላይ ያደረ ሌሊት።

"አባዬ፣ ጨዉን የሚቆርጡትን አይተሃቸው ታውቃለህ?" አልኩት።

"የለም" አለኝ። "ቆላ ወርጄ አላውቅም። አርሆዎቹ በግመል አምጥተው መቀሌ ሲያራግፉት ነው የማየው። እኔ ከዚያ ነው የምጭነው። አሞሌው ሲሰበር ዋጋው ይወርዳል፣ ስለዚህ እንደ እንቁላል ነው የሚያዘው። ረዳቴ ነበር የሚደረድረው። ሌሊቱን ሙሉ ይደረድር ነበር።"

ሽማግሌው የጠየቁኝን ነገርኩት። ተረቱን፣ ከዚያም ጥያቄውን። አባቴ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ?" አልኩ።

"አለሁ" አለኝ። "አምባላጌ ላይ ዝናብ ያዘን አንድ ጊዜ። ሸራው ተቀደደ። ጨዉ መቅለጥ ጀመረ፤ በመኪናው ጎን ነጭ ውሃ እየሆነ ይወርዳል። የመንደሩ ልጆች ተሰብስበው ከጎማው ላይ ይልሱ ነበር። እየሳቁ። ደሴ ስንደርስ ነጋዴው ወጥቶ አየው። እንደ ሴት ልጅ አለቀሰ፣ ትልቅ ሰውዬ። እንግዲህ ተረትሽን በዓይኔ አይቻለሁ።"

"የከመረውስ? ረዳትህስ?"

"እሱማ ሸራውን ይሰፋ ነበር።"

"በዝናብ?"

"በዝናብ። ጭነቱ ላይ ወጥቶ፣ በወስፌ። እኔ ጋቢና ውስጥ ነበርኩ። ሲነጋ ጣቶቹ አብጠው ወስፌውን መልቀቅ አቅተውት ነበር፤ ጨው ገብቶበት። ደሴ ላይ ነጋዴው የእሱን ሒሳብ ቆረጠበት። በደንብ አልሸፈንክም ብሎ።"

"አንተስ ምን አልክ?"

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጨመረ። አባቴ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ወይም እኔ ነኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ የጫንኩት።

"ምንም አላልኩም" አለኝ። "የእኔን ሒሳብ ተቀብዬ ወደ አዲስ አበባ ነዳሁ።"